የተዘጋ የማዕድን ጉድጓድ ሲከፈት ምን እንጠይቅ?

በማክሰኝትና በጣና ዙሪያ የምትገኙ ተማሪዎቻችን! ደብተርና እርሳሳችሁን ያዙ። የዛሬው አዲስ ቃላችን «ተንግስተን» ነው። ፊደሎቹን ነጥለን እናንብብ፦ ተ–ን–ግ–ስ–ተ–ን። ስድስት ፊደል ነው።

ተንግስተን ምንድነው? ከአለት የሚወጣ ብረታ ብረት ነው። ክብደቱ ከወርቅ ጋር ይቀራረባል። እስቲ ሁለት ቁጥር ጻፉ፦ 1,538 እና 3,422። ተራው ብረት በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀልጥ ተንግስተን ግን እስከ 3,422 ድረስ ይችላል። በዚህም ምክንያት በድሮው አምፑል ውስጥ ግሎ የሚያበራው ቀጭን ሽቦ ከእሱ የተሠራ ነበር። ዛሬም አለት የሚበሳ መሰርሰሪያና ብረት የሚቆርጥ ስለት ይሠራበታል።

ታዲያ እንዲህ ያለ ማዕድን ለምን ይዘጋል? ድንጋዩ ስላለቀ ብቻ አይደለም። ሽምብራችሁን ገበያ አውጥታችሁ ዋጋው ቢወድቅ መልሳችሁ ጎተራ ትከቱት የለም? ማዕድንም እንዲሁ ነው። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። የእኛ ቃኘው ሻለቃ ከ1951 ጀምሮ በተዋጋባት በደቡብ ኮሪያ ሳንግዶንግ የሚባል ትልቅ የተንግስተን ማዕድን አለ። ቻይና በርካሽ ዋጋ ስትሸጥ አልቻለም፤ በ1994 ተዘጋ። በ2015 አልሞንቲ የተባለ ኩባንያ እንደገና ሊከፍተው ያዘው። መክፈት ግን በር እንደመክፈት አይደለም። የተጠራቀመ ውሃ ይቀዳል፣ ዋሻው ይደገፋል፣ አዲስ መፍጫ ይተከላል። ይህ ሁሉ ዓመታትና ብዙ ገንዘብ ይበላል።

ተከፍቶ የማይበረክትም አለ። በእንግሊዝ አገር የሄመርደን ማዕድን በ2015 ተከፍቶ በ2018 ተዘጋ። የዋጋ መውረድና ድንጋዩን የማጣራት ችግር ኩባንያውን አከሰሩት። ጎረቤቶችም በፋብሪካው ጉምጉምታ ይማረሩ ነበር።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጉጂ፣ ቀንጢቻ በተባለ ቦታ፣ ከ1990 ጀምሮ ታንታለም ይመረት ነበር። ታንታለም በኬሚስቶች ሰንጠረዥ 73ኛ፣ ተንግስተን 74ኛ ናቸው፤ ጎረቤታሞች ማለት ነው። ሥራው ከቆመ በኋላ እዚያው አለት ውስጥ ያለው ሊትየም ለባትሪ ተፈላጊ ሆነና ቦታው እንደገና ፈላጊ አገኘ። እዚያው ጉጂ ውስጥ ባለው በለገደንቢ የወርቅ ማዕድን ደግሞ ሕዝቡ «ጤናችን ተጎዳ» ብሎ በመቃወሙ በ2018 መንግሥት ፈቃዱን አገደ።

ከዚህ የምንማረው ምንድነው? ማዕድን ሊከፈት ሲባል ሦስት ጥያቄ ይጠየቃል። አንደኛ፣ ከማጣሪያው የሚወጣው ዝቃጭ የት ይቀመጣል? የምንጠጣውንስ ውሃ ማን ይመረምራል? ሁለተኛ፣ ሥራው ለስንት ዓመት ነው? ዋጋ ቢወድቅስ ሠራተኛው ምን ይሆናል? ሦስተኛ፣ ጉድጓዱን ለመድፈንና መሬቱን ለማዳን የሚሆን ገንዘብ ከመጀመሪያው ተቀምጧል ወይ? ኩባንያው ከከሰረ በኋላ ቢጠየቅ ከየት ያመጣል?

«ማክሰኝት ተንግስተን የላትም፤ ይህ ለእኛ ምን ያደርግልናል?» የሚል ይኖር ይሆናል። ድንጋይና አሸዋ አናወጣም እንዴ? ሳይደፈን የተተወ ጉድጓድ በክረምት ውሃ ሞልቶ ልጅና ከብት ይውጣል። ጎርፉም አፈራችንን ጠርጎ ወደ ጣና ይወርዳል። ስለዚህ ሦስቱ ጥያቄዎች የእኛም ናቸው።

ማንበብ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው። ውል ሲመጣ በጣት ከማተም በፊት ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ያልገባችሁን ቃል አስምሩበትና ጠይቁ። ለሚቀጥለው ትምህርታችን ሦስቱን ጥያቄዎች በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለጎረቤታችሁ አንብቡለት።

ቸር ይግጠመን።