ዝም ያለ ሕፃን ሁሉ የጠገበ አይደለም

ነገሩ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው «እስክመለስ ያዢልኝ» በሚል ቃል ነው። የግቢ ተከራይ ለጉዳይ ብላ ወጥታ ሳትመለስ ታድራለች። ወይም ቤይሩት የሄደች እናት ልጇን አደራ ያለቻት ሴት፣ የሚላከው ገንዘብ ሲቋረጥ ሕፃኑን ለሌላ ትሰጣለች፣ ያቺም ለሌላ፤ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የከረመው ልጅ በመጨረሻ ምንም ካልተዘጋጀ ሰው ደጅ ይደርሳል። የሽንት ጨርቁ ከትናንት ጀምሮ አልተቀየረም። ብሽሽቱ ቆስሏል፣ አንገቱ ሥር የፈሰሰ ወተት ደርቆ ይሸታል። ተቀባይዋ (ሴት የምላት ወንድ አይችልም ብዬ ሳይሆን እንዲህ ያለው ስልክ ለማን እንደሚደወል ስለምናውቅ ነው) ገና አጥባው ሳትጨርስ ቤቱ በመካሪ ይሞላል። አንዷ አብሽ ትላለች፣ ሌላዋ ቅቤ፣ ሦስተኛዋ «ዓይን ነው»። ሁሉም ከደግ ልብ ነው የሚመጣው። አንዳንዱ ግን ለተዳከመ ሕፃን አደገኛ ነው፤ እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ደግሞ ምክር እንኳ የማይመስለው፣ እንደ ምርቃት የሚነገረው ነው።

«እንዴት ያለ ጨዋ ልጅ ነው! አያለቅስም እኮ!»

ጤነኛ ሕፃን ያለቅሳል። ሲርበው፣ ሲበርደው፣ ሲረጥብ፣ ሰው ሲናፍቀው ሌላ መጥሪያ የለውም። ጠርቶ ጠርቶ መልስ ያጣ ሕፃን ግን ቀስ በቀስ መጥራቱን ይተወዋል። እ.ኤ.አ. በ1989 የቻውሼስኩ መንግሥት ወድቆ የሩማንያ የሕፃናት ማሳደጊያዎች ሲከፈቱ፣ የገቡትን ሰዎች ካስደነገጧቸው ነገሮች አንዱ በተርታ አልጋ የተሞላው ክፍል ፀጥታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ2000 ጀምሮ ቻርልስ ኔልሰን፣ ናታን ፎክስና ቻርልስ ዚና የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ቡካሬስት ውስጥ 136 የማሳደጊያ ሕፃናትን መዝግበው፣ ግማሾቹን በዕጣ ለአሳዳጊ ቤተሰብ ሰጥተው ለዓመታት ተከታተሏቸው። ቤተሰብ ያገኙት በአእምሮ ዕድገትም ሆነ ከሰው ጋር በመቆራኘት ከቀሩት በልጠው ተገኙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸው የወጡት ደግሞ ይበልጥ። እነዚያ ሕፃናት ምግብ አያጡም ነበር። ያጡት የእኔ የሚሉትን አንድ ሰው ነው።

ዝምታው ሌላ ምክንያትም ሊኖረው ይችላል፤ ይህኛው ቀጠሮ አይሰጥም። ሕፃኑ ሲነካኩት የማይነቃ፣ ነቅቶም ወዲያው የሚያሸልብ፣ መጥባት ወይም መጠጣት ያቃተው፣ የወሰደውን ሁሉ የሚያስመልስ ወይም ያንቀጠቀጠው ከሆነ እስኪነጋ አይጠበቅም፤ በሌሊት ሆስፒታል ይኬዳል። ሁለት ወር ላልሞላው ደግሞ የሰውነት ሙቀት 37.5 ዲግሪ መድረሱ፣ ወይም በተቃራኒው ከ35.5 በታች መውረዱ፣ አለዚያም በደቂቃ 60 ጊዜና ከዚያ በላይ መተንፈሱ ብቻውን ያስሮጣል። ትንፋሽ ለመቁጠር ልብሱን ገለጥ አድርጎ የሆዱን ከፍ ዝቅ ማለት እያዩ አንድ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር ነው። ግማሽ ደቂቃ ቆጥሮ በሁለት ማባዛት ያሳስታል፤ የጨቅላ ትንፋሽ ፈጠን፣ ቀስ፣ ደግሞ ቆም እያለ ነው የሚሄደው። የቀዘቀዘ ሕፃን ከሆነ መንገድ ላይም ቢሆን ራቁት ደረት ላይ ለጥፎ፣ ኮፍያ አድርጎለት፣ ከላይ በጋቢ መጠቅለል ከየትኛውም ብርድ ልብስ ይሻላል።

«እቅፍ ታስለምጂዋለሽ፣ ኋላ አያሠራሽም»

ዝም ብሎ የነበረው ሕፃን ሰው ማግኘቱ ሲገባው ማልቀስ ይጀምራል። መካሪዎቹ ይህን ባለጌነት ይሉታል። እንደ እውነቱ ከሆነ ከመልካም ምልክቶቹ አንዱ ነው፤ ቢጠራ የሚመጣለት እንዳለ መጠርጠር ጀምሯል ማለት ነው። ሁንዚከርና ባር የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት በቀን ተጨማሪ ሰዓታት የታቀፉ ጤነኛ ሕፃናት በስድስተኛ ሳምንታቸው ካልታቀፉት በ43 በመቶ ያነሰ አለቀሱ። አንቀልባ ላለው አገር ይህ ብዙ የሚያስደንቅ ግኝት አይደለም። ጎረቤት ተራ ገብቶ ቢይዘው ደግ ነው፣ ተቀባይዋም ትንሽ ትተኛለች። የሚያበላውና የሚያስተኛው ሰው ግን ባይቀያየርበት ይሻላል።

ጨዋታም ቅንጦት አይደለም። ጃማይካ፣ ኪንግስተን ውስጥ ዕድገታቸው የቀነጨረ 129 ሕፃናትን ባጠናው ሥራ፣ የጤና ሠራተኞች ለሁለት ዓመት በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ያህል አንዳንዶቹ ቤት እየሄዱ እናቶችን ከልጆቻቸው ጋር መጫወትን ያሳዩ ነበር፤ መጫወቻው ቤት ውስጥ ከተገኘ ነገር የተሠራ ነው። ከ20 ዓመት በኋላ እነዚያ ልጆች ጉብኝቱን ካላገኙት እኩዮቻቸው 25 በመቶ የበለጠ ገቢ ነበራቸው። ሰሐን እያጠቡ ማዋራት፣ ድምፅ ሲያወጣ መልሶ ድምፅ ማውጣት፣ ዓይን ለዓይን መተያየት እዚህ ውስጥ ይቆጠራል።

ልቅሶው ከአቅም በላይ የሆነ ሌሊት ይመጣል፤ ለወለደችውም ይመጣል። ያን ጊዜ ሕፃኑን በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ከክፍሉ መውጣት ኃጢአት አይደለም። መነቅነቅ ግን አንጎል ያደማል፤ ይገድላልም።

«ርቦት ነው፤ እስኪጠግብ ይብላ»

አንድ ቀን ለዋለ ረሃብ ይህ ልክ ነው። ለሳምንታት ለከሳ ሕፃን አይደለም። ረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ልቡንም ኩላሊቱንም አንጀቱንም ዝቅ አድርጎ በቁጠባ ነው የሚኖረው። ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባበት ደም ውስጥ ያሉት ፖታሲየምና ፎስፌት ወደ ሴሎች ስለሚገቡ ደሙ ይራቆታል፣ ልብ ይደክማል። ለዚህ ነው ሆስፒታል የተኛ በጣም የከሳ ሕፃን መጀመሪያ ኤፍ-75 የሚሰጠው፦ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ያለው ወተት፣ በየሁለት በየሦስት ሰዓቱ፣ በትንሽ በትንሹ። ጠንከር ያለው ኤፍ-100 የሚከተለው ሰውነቱ ሲረጋጋ ነው። ለከሱ ልጆች የሚታደለው ፕላምፒ ነትም ቢሆን ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን አይሰጥም፤ ጎረቤት ከልጇ የተረፈውን ብታመጣም።

ታዲያ ጤና ጣቢያ እስኪከፈት ዛሬ ማታ ምን ይስጡት? ስድስት ወር ካልሞላውና የእናት ጡት ከሌለ፣ ከፋርማሲ የተገዛ ለዕድሜው የተዘጋጀ የዱቄት ወተት፣ በጣሳው ማንኪያ ልክ። እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ሆዱን ሞልቶ ሰውነቱን ማስራብ ነው። ዱቄቱ ከጀርም የጸዳ ስላልሆነ ፈልቶ ገና ከ70 ዲግሪ ባልወረደ ውሃ ይበጠበጣል፤ ከዚያ እስኪለዘብ ይቀዘቅዛል። ከሁለት ሰዓት በላይ የቆየ ይደፋል። ጡጦው ካስቸገረ (ጠርዙና ጡቱ ውስጥ የሚቀረው ወተት ያስቸግራል) ንጹሕ ስኒ ይበቃል፦ ሕፃኑን ቀና አድርጎ መያዝ፣ የስኒውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈሩ ማስነካት፣ በራሱ እስኪልስ መጠበቅ። አፉ ውስጥ መገልበጥ ትን ያስብላል።

የአብሽ ውሃ፣ ስኳር በውሃ፣ ቅቤ ማስዋጥ፣ «ጉሮሮው ደርቋል» ተብሎ የሚሰጥ ውሃ፣ ከስድስት ወር በፊት አንዳቸውም ቦታ የላቸውም። የላም ወተትም በዚህ ዕድሜ ፕሮቲኑና ጨዉ ኩላሊቱን ይጫኑታል። ከስድስት ወር በኋላ የዱቄት ወተት ካልተገኘ የፈላ የላም ወተት ከወፍራም ገንፎ ጋር ያስኬዳል። ማር እስከ አንድ ዓመት ጭራሽ አይቀመስም፤ በውስጡ ሊኖር የሚችል ጀርም የጨቅላን ጡንቻ ያሽመደምዳል። አራስ ጎረቤት ልታጠባው ብትነሣ የቆየ ደግነት ነው፤ ግን ኤች አይ ቪ በጡት ወተት ይተላለፋልና ሁለቱም ሳይመረመሩ አይሆንም። የሕፃኑ ምርመራ ራሱ የተለየ ነው። እስከ 18 ወር ድረስ በተለመደው የደም ምርመራ የሚገኘው ፀረ-አካል የእናቱ ሊሆን ስለሚችል ጤና ጣቢያው ለሌላ ዓይነት ምርመራ ናሙና ይልካል።

«ኧረ ይሄ ምኑ ተጎዳ? ጉንጩ ሙሉ አይደል እንዴ!»

የእግሩን የላይኛውን ገጽ በአውራ ጣት ለሦስት ሰከንድ ያህል ጫን አድርገው ይልቀቁት። ጣትዎ የነበረበት ቦታ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ሁለቱም እግር ላይ ከሆነ፣ ያ ሙላት ሥጋ አይደለም፣ ውሃ ነው። በምግብ እጥረት ያበጠ ሕፃን አጥንቱ ከሚቆጠረው ባልተናነሰ አደጋ ላይ ነው። ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ላለው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ባለቀለም የክንድ መለኪያ አላቸው፤ 11.5 ሴንቲ ሜትር ያልሞላ ክንድ ቀይ ነው።

«ዓይን በልቶት ነው፣ እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ግግ ነው»

ማስጠመቅ የሚሻ ያስጠምቅ፣ ጤና ጣቢያው ግን ይቅደም። እንጥል ማስቆረጥና ግግ ማስወጣት ሌላ ጉዳይ ነው፤ በተቅማጥ ወይም በሳንባ ምች የታመመ ሕፃን ላይ ደም መፍሰስና ቁስል መጨመር ነው፣ በሕግም ያስቀጣል። ክትባትም እንዲሁ በወሬ ይቀራል፦ «ካርዱ የለም፣ እንደ አዲስ ይጀመርበታል»። ያመለጠው ካቆመበት ይቀጥላል፣ በመንግሥት ጤና ጣቢያም በነጻ ነው። ካርዱ ከጠፋ ሌላ ያወጡለታል።

«ለፖሊስ መናገር እናቱን ማሳሰር ነው»

ብዙ ሰው አፉን የሚይዘው እዚህ ጋ ነው፤ በተለይ እናቱ እህት ወይም የእህት ልጅ ስትሆን። እኔ ግን በመጀመሪያው ቀን መናገርን እመርጣለሁ፣ ለያዘችው ሴት ስል ጭምር። በ1996 ዓ.ም የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 576 ሕፃንን ችላ በማለት የሚጠይቀው ወላጅን ብቻ አይደለም፣ በኃላፊነቱ ሥር የያዘውን ሁሉ ነው። ሳታስመዘግብ ስትይዘው ከርማ ልጁ ቢታመምባት ወይም እናቱ ተመልሳ «ልጄን ወሰደችብኝ» ብትል በእጇ ምንም ማስረጃ የላትም። ፖሊስ ጣቢያ የሴቶችና ሕፃናት ክፍሉን መጠየቅ፣ ከዚያ በወረዳው የሴቶችንና የሕፃናትን ጉዳይ የሚይዘውን ጽሕፈት ቤት፤ ማን መቼ እንዳመጣው፣ ምን ለብሶ እንደነበር፣ ቁስሉን ጭምር ማስመዝገብ። የጤና ጣቢያው ካርድም በኋላ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው።

ከዚህ ጎን ለጎን «ያሳደገ ወላጅ ነው» የሚለው አለ። በልብ እውነት ነው፣ በሕግ አይደለም። በ1992 ዓ.ም በወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ የሚጸናው ፍርድ ቤት ሲያጸድቀው ነው፤ በሽማግሌ ፊት የተፈረመ ወረቀት ብቻውን አይበቃም። ለውጭ ዜጋ በጉዲፈቻ መስጠት ደግሞ ከ2010 ዓ.ም ጀምሮ ቀርቷል። «ፈረንጅ ይወስድለታል» እያለ የሚዞር ደላላ ሲመጣ በሩ ላይ መመለስ ነው። የልደት ምዝገባውም አይዘንጋ፦ በአዋጅ 760/2004 መሠረት በ90 ቀን ውስጥ መፈጸም አለበት፣ ወላጅና ሞግዚት ከሌለም ሕፃኑን የያዘው ሰው ማስመዝገብ ይችላል።

«ልጇን የጣለች እናት አይደለችም»

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በማደግ ላይ ባሉ አገሮች ከወለዱ እናቶች ከአምስቷ አንዷ ገደማ የአእምሮ ጤና ችግር ያገኛታል፣ በብዛትም ድብርት። ድብርት የያዛት አራስ ልጇ ሲያለቅስ እየሰማች መነሣት ያቅታታል፤ ሰው ስንፍና ወይም ክፋት ይለዋል። ሌላዋ ከደፈራት የወለደች ናት፣ ሌላዋ አሠሪዋ «ከነልጅሽ አልቀበልም» ያላት የቤት ሠራተኛ ናት። ይህን ማወቅ ለሕፃኑ የደረሰበትን አያስቀርለትም። ሕፃኑን የተቀበለው ቤት ግን እናቲቱንም እንዲያስመረምር ያደርጋል፤ ድብርቱ ሕክምና አለው።

እናት ከቀናት ወይም ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ብትመለስ፣ ፖሊስና ማኅበራዊ ሠራተኛ መገናኘቱን ከፈቀዱ፣ «ወተቷ ደርቋል» ተብሎ መተው የለበትም። ሕፃኑ በቀን ስምንት ጊዜና ከዚያ በላይ ጡት ላይ ሲቀመጥ፣ በመሀል ወተት በስኒ እየተደገፈ፣ የደረቀ ጡት በብዙ እናቶች ላይ ተመልሶ ያግታል። ጤና ጣቢያ ውስጥ ይህን የሚያሳይ አዋላጅ ነርስ አለ፤ ሁለቱን ይዞ መሄድ፣ ከተቻለ ሕፃኑን ስትይዘው የቆየችውም ሴት አብራ ትቀመጥ።