እውነት ወይስ ተረት? አይዳ ሉፒኖ፦ ተዋናይት፣ ጸሐፊ፣ ዳይሬክተር

እ.ኤ.አ. በ1918 ለንደን የተወለደችው አይዳ ሉፒኖ በ1940ዎቹ ስሟ በሆሊውድ የገነነ ተዋናይት ነበረች። ኋላ ላይ ስክሪፕት ጽፋለች፣ ፊልምም ዳይሬክት አድርጋለች። ስለ ሥራዋ የሚባለው ሁሉ ግን ልክ አይደለም።

ተረት፦ የሆሊውድ የመጀመሪያዋ ሴት ዳይሬክተር ናት።
እውነቱ፦ ሎይስ ዌበር በድምፅ አልባው ፊልም ዘመን፣ ዶሮቲ አርዝነርም እስከ 1943 ሠርተዋል። ሉፒኖ የመጣችው ሜዳው ከሴቶች ጭር ባለበት ሰዓት ነው፤ በአሜሪካ የዳይሬክተሮች ማኅበርም ከአርዝነር ቀጥላ ሁለተኛዋ ሴት አባል ሆናለች።

ተረት፦ ዳይሬክተር የሆነችው በአጋጣሚ ነው።
እውነቱ፦ አጋጣሚው ደርሷል፤ ያገኛት ግን ተዘጋጅታ ነው። በ1949 “ኖት ዋንትድ” በሚቀረጽበት ጊዜ ዳይሬክተሩ ኤልመር ክሊፍተን የልብ ድካም ስላጋጠመው ሥራውን ተረከበች። ፊልሙን ከጻፉትም ሆነ ፕሮዲዩስ ካደረጉት መካከል ግን ቀድሞውኑ ነበረችበት። ከዚያ በፊት ዋርነር ብራዘርስ የሰጣትን ገጸ ባሕርይ አልጫወትም ብላ ስትታገድ፣ ጊዜውን ቀረጻና ኤዲቲንግ እየተከታተለች ሙያውን ተምራበታለች። ያም ሆኖ በ“ኖት ዋንትድ” የዳይሬክተርነቱን ስም ለክሊፍተን ተወችለት።

ተረት፦ ሴት ዳይሬክተር የምትሠራው የሴቶችን ታሪክ ብቻ ነው።
እውነቱ፦ ሳታገባ የወለደችን፣ የተደፈረችን ሴት ታሪክ ብዙዎች በሸሹበት ዘመን በድፍረት ሠርታለች። በ1953 በጋራ ጽፋ ዳይሬክት ያደረገችው “ዘ ሂች-ሃይከር” ግን የሦስት ወንዶች ታሪክ ነው። ዓሣ ለማጥመድ የወጡ ሁለት ጓደኛሞች መንገድ ላይ የጫኑት ሰው ነፍሰ ገዳይ ሆኖ ያርፈዋል። የዚህ ሰው አንድ ዐይን ቢተኛም አይከደንም። ታጋቾቹ ሌሊት ፊቱን እያዩ፣ ተኝቷል ወይስ ነቅቷል የሚለውን መለየት ያቅታቸዋል፤ ለማምለጥም አይደፍሩም። ሉፒኖ በአንድ ዐይን ብቻ ተመልካቹን አብራ አግታዋለች።

ተረት፦ ዳይሬክተር ስትሆን ትወናን ተወች።
እውነቱ፦ በዚያው በ1953 “ዘ ቢጋሚስት”ን ዳይሬክት አድርጋ ራሷም ተውናበታለች። በቀድሞው “ትዋይላይት ዞን” የቴሌቪዥን ተከታታይም በ1959 በአንድ ክፍል ተወነች፣ በ1964 ሌላ ክፍል ዳይሬክት አደረገች። ከሴቶች መካከል ለዚያ ተከታታይ ዳይሬክተር የሆነችው እሷ ብቻ ናት።

አይዳ ሉፒኖን የዕድል ልጅ ብቻ አድርጎ ማውራት ልፋቷን መካድ ነው። “ዘ ሂች-ሃይከር” የቅጂ መብቱ ያበቃ፣ 71 ደቂቃ ብቻ የሚፈጅ ፊልም ነው። ከወሬው ይልቅ ሥራዋን አይታችሁ ፍረዱ።