በሳነቴ አምባ አራዊትን ስለ መመልከት

ከጎባ ተነሥቶ ወደ ዶሎ መና የሚያልፈው መንገድ፣ ጽዱንና ኮሶውን ከታች ትቶ፣ የአስታውን ደን አቋርጦ፣ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 4,000 ሜትር ወደሚደርሰው ወደ ሳነቴ አምባ ሲወጣ፣ መንገደኛው ከሣርና ከድንጋይ፣ ከትናንሽ ኩሬዎችና በየብቻቸው ከቆሙት ጅብራዎች በቀር ዓይኑን የሚያሳርፍበት ነገር ያጣል፤ ቀትር ላይ ፀሐዩ ያቃጥለዋል፣ ሌሊት ደግሞ ውርጩ ምድሪቱን ያነጣታል። ብዙ ሰው ከዚህ የተነሣ አምባውን እንደ ምድረ በዳ ይቆጥረዋል፤ ነገር ግን ከእግሩ በታች ያለው አፈር በሕያዋን ፍጥረታት የተሞላ ነው።

ስለዚህ ይህ አምባ የሚገኝበትን የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሊጎበኝ የሚሄድ ሰው፣ መነጽሩን ወደ አድማስ ከማቅናቱ አስቀድሞ ወደ መሬት ይመልከት እላለሁ። ከዓለም ሁሉ በባሌ ብቻ የሚኖረውና ክብደቱ እስከ አንድ ኪሎ የሚደርሰው ግዙፉ ፍልፈል፣ ዓይኖቹ ወደ አናቱ ከፍ ብለው የተተከሉለት በመሆኑ፣ ከጉድጓዱ ጥቂት ብቅ ሲል መላ አካላቱን ሳያጋልጥ ዙሪያውን ይቃኛል፤ አፉ የደረሰበትን ሣር እየነጨ ሰብስቦም ወደ ኋላው ይሰወራል። ሌሊቱ ብርድ ነውና የሚወጣው በቀን ነው፤ የቀይ ቀበሮም ኑሮ ሁሉ በዚሁ ሰዓት ላይ የተመሠረተ ነው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋዎች በቀር በየትም አይገኝም፤ ጠቅላላ ቁጥሩ 500 ገደማ ቢሆን ነው፣ የሚበዛውም በባሌ ይኖራል። ማለዳ ላይ የአንድ መንጋ አባላት ተሰብስበው፣ ጭራቸውን እየቆሉ ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ፣ የርስታቸውን ድንበር በኅብረት ዞረው በሽንታቸው ምልክት ያደርጋሉ፤ ከዚያ ግን፣ አንድ ፍልፈል ለብዙዎች የሚከፈል ሲሳይ አይደለምና፣ እያንዳንዱ ለየብቻው ለአደን ይሰማራል። በማኅበር እየኖረ ብቻውን የሚያድን አውሬ ማየት በእውነት መንክር ነው! ጆሮውን ወደ ፊት አቅንቶ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንድ እርምጃ ይራመድና ይቆማል፤ ፍልፈሉ ሲሰወር ይጠጋል፣ ብቅ ሲል ባለበት ይደርቃል፤ በመጨረሻም ይወረወራል፣ አንዳንድ ጊዜም ባዶ አፉን ይመለሳል። ይህን ለማየት የሚሻ ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ድምፁን ሰብስቦ ባንድ ስፍራ መጠበቅ ይገባዋል፤ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ የሚነዳ ግን የሸሸውን ቀበሮ ጀርባ ብቻ ያያል።

በዲንሾ በኩል ያለውን የደጋ አጋዘን፣ በሐረና ደን የሚኖረውንም አንበሳ ሳላነሣ ማለፍ አልወድም፤ ፓርኩ በ2016 ዓ.ም. መስከረም በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው ይህን ሁሉ ይዞ ነው።

የሚያሳዝነው፣ ብርቁ ቀይ ቀበሮ በአንድ ደዌ ሊጠፋ የሚችል መሆኑ ነው። ከእረኞች ጋር ወደ አምባው የሚወጡት ውሾች የእብድ ውሻ በሽታን ይዘው ሲመጡ፣ አብሮ የሚኖረው መንጋ ከአንዱ ወደ አንዱ ያስተላልፈዋል፤ በ1996 ዓ.ም. ገደማ በዌብ ሸለቆ ከነበሩት ቀበሮዎች ከአራት ሦስት እጅ ያህሉ ያለቁት በዚህ ነው። ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ውሾችን ይከትባሉ፤ በቅርብ ዓመታትም መድኃኒቱን በሥጋ ውስጥ ሸሽገው ለቀበሮዎቹ ለራሳቸው ማብላት ጀምረዋል። ከጎብኚው የሚጠበቀው ውሻ ይዞ አለመውጣትና በአምባው ላይ ቀስ ብሎ መንዳት ነው፤ መኪናም ቀበሮ ገድሏልና።