አዲስ የእንጉዳይ ዝርያ እንዴት ተለይቶ ይታወቃል?

ክረምት ሲገባ በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዐጸድ፣ ከረገፈው ቅጠልና ከበሰበሰው ግንድ ላይ እንጉዳይ ይበቅላል። ሕዝባችን የማይበላውን «የጅብ ጥላ» እያለ ከሚበላው ሲለይ ኖሯል። ይህ ዕውቀት የሚናቅ አይደለም፤ ነገር ግን በመልክ ብቻ መለየት ወሰን እንዳለው ልናውቅ ይገባል።

ሊቃውንቱ እስካሁን ስም የሰጧቸው የፈንገስ ዝርያዎች 150,000 ያህል ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣ ግምት ግን ጠቅላላ ቁጥራቸውን ከ2.2 እስከ 3.8 ሚሊዮን ያደርሰዋል።

የመለየቱ ሥራ ከቅርጽ ይጀምራል። የቆቡ ስፋትና ቀለም፣ የእግሩ ቀለበት፣ ሥጋው ሲቆረጥ ቀለሙን መለወጡ ይመዘገባል። ቆቡን በወረቀት ላይ ደፍቶ በማሳደር የዘር ብናኙ ቀለም ይታያል፤ የብናኙ መጠንና ቅርጽም በማይክሮስኮፕ ይመረመራል።

ሆኖም አንድ ዝርያ በዕድሜና በአየር ጠባይ መልኩን ይለውጣል፤ የተለያዩ ዝርያዎችም እጅግ ይመሳሰላሉ። ስለዚህ ሁለተኛው ምስክር ዘረመል ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የፈንገሶች መለያ እንዲሆን የቀረበው አይ.ቲ.ኤስ. የተባለ የዲ.ኤን.ኤ. ክፍል ተነብቦ ከታወቁት ዝርያዎች ጋር ይነጻጸራል።

እ.ኤ.አ. በ2014 በእንግሊዝ አገር የኪው ዕፀዋት ተቋም ተመራማሪዎች ብሪን ዴንቲንገርና ላውራ ሱዝ ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው። ለንደን ውስጥ ከተገዛ አንድ እሽግ የደረቀ እንጉዳይ 15 ቁራጮችን መርምረው፣ ሳይንሳዊ ስም ያልነበራቸው 3 የቻይና ዝርያዎች አገኙ። ገበያ ወጥቶ የሚበላው እንኳ ማንነቱ አልታወቀም ነበር ማለት ነው።

አዲስ ስም የሚጸናው መግለጫው ሲታተም፣ ስሙ ሲመዘገብና የደረቀው ናሙና ለምስክርነት በቤተ ስብስብ ሲቀመጥ ነው።

ለሰበካ ጉባኤያት ከዚህ ሁለት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፣ «የምናውቀውን ይመስላል» ተብሎ ማንም እንጉዳይ እንዳይበላ ምእመናን ይመከሩ። አማኒታ ከሚባለው ወገን ያሉ ገዳይ ዝርያዎች መርዛቸው በማብሰል አይጠፋም፤ ሕመሙም ብዙውን ጊዜ ከ6 ሰዓት በኋላ ስለሚጀምር ጉበት እስኪጎዳ ድረስ ሰው ይዘናጋል። የበላ ሰው ቢኖር ሕመም ሳይጠበቅ፣ የተረፈውን እንጉዳይ ይዞ ወደ ሐኪም ይሂድ።

ሁለተኛ፣ በዐጸዱ እንግዳ እንጉዳይ ሲታይ ከመነቀሉ በፊት ፎቶግራፍ ይነሣ፤ ቀኑ፣ ቦታውና አጠገቡ ያለው ዛፍ ይጻፍ። ናሙናው በላስቲክ ሳይሆን በወረቀት ተይዞ፣ በለዘበ ሙቀት ደርቆ በአቅራቢያ ላለ ዩኒቨርሲቲ ይድረስ። አባቶች ባቆዩልን ደን ውስጥ ያለውን ማወቅ የጥበቃው አንዱ ክፍል ነውና።