በሩጫ መሃል የሚከዱ እግሮች

በወጣት ውሾች ላይ አልፎ አልፎ የሚደርስ የእግር መክዳትና የአካሄድ መዛባት የእንስሳት ሐኪምን አብዝቶ የሚፈትን ችግር ሲሆን፣ ፈታኝ ያደረገውም ውሻው ምርመራ ክፍል በሚደርስበት ሰዓት ሕመሙ ትቶት መገኘቱ ነው። የጡንቻው ጥንካሬ፣ የደሙ ውጤትና የራጅ ምስሉ ሁሉ እንከን የለሽ ሊሆኑ ስለሚችሉ፣ ባለቤቱ ነገር እንዳጋነነ ሰው የሚቆጠርበት ጊዜ አለ። ይህ ተገቢ አይደለም፤ ሕመሙ ሰዓቱን ጠብቆ የሚገለጥ እስከሆነ ድረስ ዋናው ማስረጃ ያለው በዚያ ሰዓት ውሻውን ባየው ሰው ዘንድ ነው፤ ስለዚህም በስልክ የተቀረጸ የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ውድ ምርመራ ሊበልጥ ይችላል።

ከቪዲዮው በቅድሚያ የሚፈለገው ውሻው ራሱን መሳቱና አለመሳቱ ነው። የልብ ምት መዛባት ወደ አንጎል የሚሄደውን ደም ለጥቂት ሰኮንዶች ሲያቋርጠው ውሻው በድንገት ዝልፍልፍ ብሎ ይወድቅና ብዙ ሳይቆይ ይነሳል፤ የሚጥል በሽታ ያለበት ግን ሰውነቱ ይገተራል፣ እግሮቹን እንደሚዋኝ ያንቀሳቅሳል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ ከተነሳም በኋላ ለጥቂት ጊዜ ግራ ተጋብቶ ይዞራል። ማያስቴኒያ ግራቪስ በተባለው በሽታ ደግሞ ጡንቻ የነርቭን መልእክት የሚቀበልባቸው ሞለኪውሎች ከውልደት ጀምሮ ስለሚጎድሉ ወይም በሰውነቱ በራሱ የመከላከል ሥርዓት ስለሚጠቁ፣ ውሻው ነቅቶ ሳለ ጥቂት እንደተራመደ እርምጃው ያጥራል፣ ይተኛል፣ ሲያርፍም ዳግም ይራመዳል። የሰዓቱም ጉዳይ ይናገራል፤ ምግብ ሳይቀምስ ቆይቶ የሚዝል የትንሽ ዝርያ ቡችላ የደም ስኳሩ ወርዶ ሊሆን ይችላል። ካቫሊየር ኪንግ ቻርልስ በተባለው ዝርያ በብዛት ከ3 እስከ 7 ወር ባለው ዕድሜ የሚጀምረው በሽታ ደግሞ እግርን የሚያዝል ሳይሆን የሚገትር ነው።

ይበልጥ ያስተማረው ግን በላብራዶር ሪትሪቨር ዝርያ የሚታየው፣ በብርቱ እንቅስቃሴ የሚቀሰቀሰው መውደቅ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ7 ወር እስከ 2 ዓመት ባለው ዕድሜ፣ ማለትም ከባድ ሥልጠና በሚጀመርበት ወቅት ነው። ውሻው ከ5 እስከ 20 ደቂቃ በጋለ ስሜት ከሮጠ በኋላ የኋላ እግሮቹ ይንገዳገዳሉ፣ ቀጥሎም ይከዱትና በፊት እግሮቹ እየጎተታቸው ሩጫውን ለመቀጠል ይታገላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ራሱን አይስትም፣ የሥቃይ ምልክትም አይታይበትም፣ በግማሽ ሰዓት ውስጥም እንደቀድሞው ይሆናል። ረጅም መንገድ በእርጋታ ቢሄድ ምንም የማይሆነው ያው ውሻ በሚወደው ጨዋታ ወይም በአደን ደስታ ሲናጥ መውደቁ ለዓመታት እንቆቅልሽ ነበር።

መልሱ የተገኘው እ.ኤ.አ. በ2008 የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችና ባልደረቦቻቸው ዳይናሚን 1 የተባለውን ፕሮቲን በሚያሠራው ዘረ-መል ላይ አንዲት የፊደል ለውጥ ማግኘታቸውን ይፋ ሲያደርጉ ነው። ነርቭ መልእክቱን የሚያስተላልፈው በጥቃቅን ከረጢቶች ያከማቸውን ኬሚካል በመልቀቅ ሲሆን፣ ከረጢቶቹ ይህን ሲያደርጉ ከነርቩ ሽፋን ጋር ስለሚዋሐዱ ተቀንጥሰው ካልተመለሱ ክምችቱ ይሟጠጣል። ቀንጣሹ ዳይናሚን 1 ነው። ነርቩ በዝግታ በሚሠራበት ጊዜ የተዳከመው ፕሮቲን ይበቃዋል፤ መልእክት ሲያዥጎደጉድ ግን የከረጢቶቹ መመለስ ከፍጆታው ወደኋላ ይቀራል። ሙቀትም ሁኔታውን ሳያባብሰው አይቀርም፤ በዚሁ የፕሮቲን ቤተሰብ ላይ ጉድለት ያለባቸው የፍሬ ዝንቦች ሲሞቁ ሽባ ሆነው፣ ሲቀዘቅዙ ዳግም እንደሚንቀሳቀሱ ከ1970ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል።

ሐኪምን የሚያሳስተውም ይኸው ሙቀት ነው። የወደቀው ውሻ የሰውነት ሙቀት ከ41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሆኖ ሲገኝ የሙቀት ምት መስሎ ይታያል፤ ሆኖም ጤነኛ ላብራዶርም ከብርቱ ሩጫ በኋላ እዚያው ሊደርስ ይችላል፣ የሙቀት ምት የመታው ውሻ ደግሞ ይፈዛል እንጂ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ተነስቶ ለጨዋታ አይሮጥም።

በሽታው የሚገለጠው ለውጡን ከአባትም ከእናትም በወረሰ ውሻ ላይ ሲሆን፣ በደም ወይም ከጉንጭ ውስጥ በሚወሰድ ናሙና ይለያል። ሆኖም ለውጡ በዚህ ዝርያ ዘንድ የተስፋፋ በመሆኑ፣ ሁለቱንም ቅጂ የያዘ ውሻ ሌላ የልብ ወይም የጡንቻ ሕመም ሊኖርበት እንደሚችል መዘንጋት አይገባም፤ የላቦራቶሪው ወረቀት ከቪዲዮው ጋር ካልተስማማ ፍለጋው መቀጠል አለበት። ውጤቱና ምልክቱ ከተስማሙ ግን ፈዋሹ ጥንቃቄ ነው፦ የኋላ እግሮች መንገዳገድ እንደጀመሩ ጨዋታው ወዲያው መቆም ይኖርበታል፤ ከወደቁት ውሾች መካከል በዚያው የሞቱ አሉና።