ሳይጻፍ የቀረው ኮርድ

አንድ ድምፅ ብቻ ነው። ሦስት ሴኮንድ ያህል ይቆያል። ከዚያ ዘፈኑ ይቀጥላል። ሰዎች ግን ይህ ድምፅ ከምን ከምን እንደተሠራ ለማወቅ ከ40 ዓመት በላይ ተከራክረውበታል።

ዘፈኑ የእንግሊዞቹ የቢትልስ ነው። ስሙ «ኤ ሃርድ ዴይስ ናይት» ይባላል። በአማርኛ «የከባድ ቀን ማታ» እንደ ማለት ነው። (በእንግሊዝኛም ቢሆን ግራ የሚያጋባ አነጋገር ነው። ከድራም መቺው ከሪንጎ ስታር አፍ አምልጦ የወጣ ነው ይባላል።) የተቀረጸው በለንደን ከተማ፣ አቤይ ሮድ በሚባለው መንገድ ላይ ባለው ስቱዲዮ ነው። ቀኑም እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ኤፕሪል 16 ቀን 1964 ነበር። ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመቶችም በፈረንጅ ናቸው።

ለመሆኑ ኮርድ ምንድን ነው? አጠገባችሁ ክራር ካለ እስቲ አንዱን ክር ብቻ ምቱ። አንድ ድምፅ ይሰጣል። አሁን ሦስት ወይም አራት ክሮች ባንድ ላይ ምቱ። ድምፆቹ ይቀላቀላሉ። እንዲህ ባንድ ጊዜ የሚሰሙ ድምፆች ኮርድ ይባላሉ።

«አገር» የሚለውን ቃል ስናነብ አ፣ ገ፣ ር ብለን ነው። ፊደሎቹ ጎን ለጎን ስለተጻፉ አንድ በአንድ እናያቸዋለን። ሦስቱ ፊደሎች አንዱ በአንዱ ላይ ተደራርበው ቢጻፉስ? ማን ያነባቸዋል? ኮርድን በጆሮ መለየት ይህን ይመስላል።

ጊታር የሚማሩ ልጆች ይህን ሲሠሩ አይተናል። መጀመሪያ የሚፈልጉት ወፍራሙን ድምፅ ነው። ያዳምጡና በአፋቸው ያንጎራጉሩታል። ከዚያ ያን ድምፅ እስኪያገኙ ክሩን ይሞክራሉ። ቀጥሎ ቀጭኑን ይፈልጋሉ። ዳርና ዳሩ ከተገኘ መካከሉ ይቀራል። መከራው ያለው እመካከሉ ላይ ነው።

በዚህ ዘፈን ወፍራሙ ድምፅ ሬ ነው። ቀጭኑ ሶል ነው። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው ይስማማል። ስለ መካከሉ ግን የታተሙት የዘፈን ደብተሮች እንኳ አልተስማሙም። አንዱ እንዲህ፣ ሌላው እንዲያ ብሎ ጽፎታል። ተማሪው በደብተሩ እንደተጻፈው ጣቶቹን አስቀምጦ ሲመታው ይመስላል እንጂ ያው ራሱ አይሆንም።

ምክንያቱ ምንድን ነው? አንደኛ፣ ድምፁ ያንድ ጊታር ድምፅ አይደለም። ጆርጅ ሐሪሰን ባለ 12 ክር ጊታር ይዟል። ጆን ሌነን ባለ 6 ክር ይዟል። ፖል ማካርትኒ ቤዝ ጊታር ይመታል። የቀረጻው ኃላፊ ጆርጅ ማርቲን ደግሞ ፒያኖ ይመታሉ። ይህ ሁሉ ባንድ ላይ ነው የሚሰማው።

ባለ 12 ክሩ ጊታር ራሱ ጉድ ነው። ክሮቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ነው የተወጠሩት። በአራቱ ወፋፍራም ጥንዶች ውስጥ አንዱ ክር ወፍራም፣ ጓደኛው ቀጭን ነው። ለምሳሌ ወፍራሙ ክር ፋ ሲል ጓደኛው ያንኑ ፋ በቀጭን ድምፅ ይላል። በአንድ ጣት ሁለት ድምፅ ማለት ነው።

ሁለተኛውን ምክንያት እናንተ ከማንም ይበልጥ ትረዱታላችሁ። አራቱ ወጣቶች ኖታ፣ ማለትም የሙዚቃን ጽሕፈት፣ ማንበብም መጻፍም አይችሉም ነበር። የሚሠሩት በጆሮና በእጅ ነው። ዘፈኑ የፊልማቸውም የሸክላቸውም መክፈቻ ስለሆነ ኃይለኛ ጅማሬ ተፈለገለት። ተገኘና ተቀረጸ። ጣታቸውን የት እንዳደረጉ ግን ጽፈው አላስቀመጡም።

በ2001 ሐሪሰን ራሱ ተጠየቀ። ፋ ኮርድ ነው፣ ከላዩ ሶል አለበት፤ የቤዙን ነገር ግን ፖልን ጠይቁ ብሎ መለሰ። በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር አረፈ።

በ2004 ደግሞ በካናዳ፣ በዳልሃውዚ ዩኒቨርሲቲ የሒሳብ መምህር የሆኑት ጄሰን ብራውን ሌላ መንገድ ሞከሩ። ድምፅ መርገብገብ ነው። ፋ ከሚባሉት ድምፆች አንዱ በሴኮንድ 175 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ቀጭኑ ፋ እጥፉን፣ 350 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። የተቀላቀለን ድምፅ ወደየመርገብገቡ የሚለያይ የሒሳብ ስልት አለ። ከፈረንሳዊው ሊቅ ከፉሪዬ ስም የተጠራ ነው። መምህሩ ዘፈኑን ኮምፒዩተር ውስጥ አስገብተው በዚህ ስልት ለዩት።

ወፍራሙ ፋ ተገኘ። ቀጭኑ ጓደኛው ግን እንደሚጠበቀው አልተገኘም። እንግዲህ ይህ ፋ ከባለ 12 ክሩ ጊታር ከወጣ ጓደኛው የት ሄደ? መምህሩ ፋውን ለፒያኖው ሰጡት። በፒያኖ ላይ አንዱን ቁልፍ ስትጫኑ መዶሻው ብዙውን ጊዜ ሦስት ክር ባንድ ላይ ይመታል። ሦስቱም አንድ ዓይነት ድምፅ ናቸው።

ታዲያ ማንን እንመን? ጊታሩን የመታው ሰው ፋ ነው የመታሁት ይላል። ሒሳቡ ደግሞ ፋው የፒያኖ ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ ካናዳዊው ጊታር ተጫዋች ራንዲ ባክማን ነገሩን ለሕዝብ ተርኳል። እሱ እንደሚለው የማርቲን ልጅ ጃይልስ ማርቲን በአቤይ ሮድ መሣሪያዎቹን ለየብቻ አሰምተውታል። ሐሪሰን ፋን ከሶል ጋር፣ ሌነን ከሬ የሚነሳ ሌላ ኮርድ፣ ማካርትኒ ሬን ይመቱ ነበር ብሏል።

እኛ ወደ ሐሪሰን እናደላለን። የገዛ ጣቱን የረሳ አይመስለንም። ስለ ፒያኖው ግን መምህሩ እውነት አላቸው። ቢትልሶች ዘፈኑን ያለ ፒያኖ በመድረክ ሲጫወቱት የተቀረጸውን ብትሰሙ መክፈቻው ሳሳ ይላል።

ጊታር ያለው ሰው ካገኛችሁ የሐሪሰንን መልስ አስሞክሩት። ከቀጭኑ ክር ይጀምር። አንደኛውን ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ፣ ሁለተኛውን አንደኛው ላይ፣ ሦስተኛውን ሁለተኛው ላይ፣ አራተኛውን ሦስተኛው ላይ ይያዝ። ሶል፣ ዶ፣ ላ፣ ፋ ይሆናል። አራቱን ባንድ ጊዜ ሲመታ ሌላ ሰው በሌላ ጊታር ወፍራሙን ሬ ይምታ። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን አንስተው ድምፁ እስኪጠፋ ያዳምጡ።