የተቃውሞ ዘፈን

የተቃውሞ ዘፈን ማለት በሥልጣን ላይ ያለን አካል፣ አንድን ሕግ ወይም የኑሮ ሥርዓት ለመንቀፍ የሚቀነቀን ዜማና ግጥም ነው። በኢትዮጵያ ከአዝማሪ ጨዋታ ጀምሮ እስከ ዘመናዊው አልበም ድረስ የቆየ ልማድ ሲሆን፣ ሙዚቀኛ እንዲህ ያለ ዘፈን መሥራት ይገባዋል ወይስ አይገባውም የሚለው ክርክርም አብሮት ኖሯል። ክርክሩ የጥበብ ጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በዚህ ምክንያት የታሰሩ፣ የተሰደዱና የተገደሉ ዘፋኞች አሉ።

አዝማሪና ሰምና ወርቅ

አዝማሪ በግብር ቤትም በጠላ ቤትም ማሲንቆውን እየመታ ያወድሳል፣ ይነቅፋልም። ለነቀፋው መከለያ የሚሆነው ቅኔ ነው። በኅብረ ቃል ግጥም አንድ ቃል ሁለት ፍቺ ይይዛል፤ ላይ ላዩን የሚሰማው ሰም፣ ውስጥ ያለው ደግሞ ወርቅ ይባላል። ለምሳሌ «ወጡ» የሚለው ቃል ላልቶ ሲነበብ የሚበላውን ወጥ ያመለክታል፤ ጠብቆ ሲነበብ ግን ከቤት ወይም ከሥልጣን የሄዱ ሰዎችን ይናገራል። የአማርኛ ፊደል መጥበቅና መላላትን ስለማያሳይ ልዩነቱ በወረቀት ላይ አይታይም። ዘፋኙ ስለ ማዕድ እያወራ አድማጩ ስለ ሹም ሊሰማ ይችላል፤ የተጠየቀ ዕለት ደግሞ «ስለ ወጥ ነው የዘፈንኩት» የሚል መልስ አለ።

ሌላም ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። በአዝማሪ ቤት ግጥሙን የሚያወጣው ሁልጊዜ አዝማሪው አይደለም። ታዳሚው «ተቀበል!» ብሎ ስንኙን ይነግረዋል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ያወጣዋል። ስለዚህ ነቀፋው የማን ነው የሚለው ጥያቄ ቀላል መልስ የለውም። ኃላፊነቱ በቤቱ ሰው ሁሉ ላይ ይበተናል። ዛሬ ስሙ በአልበም ሽፋን ላይ የሚጻፍ ድምፃዊ ይህ መጠለያ የለውም፤ የተጠያቂነቱ ክብደት የጨመረው አንዱ በዚህ ምክንያት ነው።

ቅኔውም ቢሆን ሁልጊዜ አላዳነም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በሮዶልፎ ግራዚያኒ ላይ የግድያ ሙከራ ከተደረገ በኋላ የጣሊያን አስተዳደር አዝማሪዎችንና ጠንቋዮችን የአገዛዙን መውደቅ የሚያወሩ አደገኛ ሰዎች ናቸው ብሎ ፈርጆ እንዲያዙና እንዲገደሉ አዝዟል። ጋዜጣ በማይደርስበት ገበያ ወሬ የሚያደርሰው አዝማሪ እንደነበረ ወራሪው ተረድቶ ነበር።

ከክብር ዘበኛ እስከ ደርግ

በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ታዋቂዎቹ ባንዶች በአብዛኛው የመንግሥት ተቋማት ነበሩ፤ የክብር ዘበኛ፣ የጦር ሠራዊትና የፖሊስ ኦርኬስትራዎች የዚህ ምሳሌ ናቸው። ደመወዝተኛ ሙዚቀኛ አሠሪውን በግልጽ ይነቅፋል ተብሎ አይጠበቅም። ሆኖም የክብር ዘበኛ አዛዥ የነበሩት ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ሲያደርጉ፣ የዚያው ክፍል ድምፃዊ የነበረው ጥላሁን ገሠሠ ለአጭር ጊዜ ታስሯል። «አልቻልኩም» የተሰኘው የፍቅር ዘፈኑም የፖለቲካ ትርጉም ተሰጥቶታል። እዚህ ላይ የዘፋኙ ሐሳብና የአድማጩ ጆሮ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ይታያል።

በግልጽ የሚናገረው ዘፈን የመጣው ከተማሪዎች ነው። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣው እንቅስቃሴ እንደ «ፋኖ ተሰማራ» ያሉ መዝሙሮችን በኅብረት ይዘምር ነበር። ግጥሙ ቅኔ አልነበረም፤ ለሰልፍ የተሠራ ነበርና አሻሚነት አያስፈልገውም።

ደርግ በ1967 ዓ.ም. ሥልጣን ሲይዝ ነገሩ ተገለበጠ። የሰዓት እላፊ የምሽት ክበቦችን አዳከመ፤ የዘፈን ግጥም በሳንሱር ማለፍ ነበረበት። በሌላ በኩል ከቀበሌ ጀምሮ የኪነት ቡድኖች ተቋቁመው አብዮቱን እንዲያወድሱ ተደረገ። «ሙዚቀኛ ከፖለቲካ ይራቅ» የሚለው ሐሳብ በዚህ ዘመን ትርጉም አልነበረውም። መድረኩ ራሱ ፖለቲካ ነበር፤ የተከለከለው አንዱ ወገን ብቻ ነው።

ከሳንሱር በኋላ

በ1985 ዓ.ም. የወጣው የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቅድመ ምርመራን አስቀረ። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 29 ማንኛውም ሰው ሐሳቡን በሥነ ጥበብ መልክ ጭምር የመግለጽ ነፃነት እንዳለው ይደነግጋል። በተግባር ግን ጫናው ሌላ መልክ ያዘ።

የቴዎድሮስ ካሣሁን (ቴዲ አፍሮ) «ያስተሰርያል» አልበም የወጣው በ1997 ዓ.ም. ከአገራዊው ምርጫ ጋር ተቀራርቦ ነው። የአልበሙ መጠሪያ ዘፈን የተፈራረቁትን መንግሥታት የሚተች ሆኖ ተወሰደ፤ ከምርጫው በኋላ በተነሣው ግጭት ሰሞንም የብዙዎች ድምፅ ሆነ። ድምፃዊው በ2000 ዓ.ም. ከመኪና አደጋ ጋር በተያያዘ ክስ ታሰረ፤ በነሐሴ 2001 ዓ.ም. ተፈታ። ደጋፊዎቹ እስሩን ከዘፈኑ ጋር ሲያያይዙት ባለሥልጣናት ግን ተራ የወንጀል ጉዳይ ነው ብለዋል።

ሃጫሉ ሁንዴሳ በአምቦ ተወልዶ ያደገ የኦሮምኛ ድምፃዊ ነው። በአሥራዎቹ ዕድሜ ታስሮ ለ5 ዓመታት ቆየ፤ የመጀመሪያ አልበሙን አብዛኞቹን ግጥሞች የጻፈውም እስር ቤት ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው «ማላን ጅራ» ስለ መፈናቀልና ስለ ተለየ ፍቅር የሚናገር ሲሆን፣ በዚያው ዓመት በተቀጣጠለው የኦሮሚያ ተቃውሞ ውስጥ እንደ መዝሙር አገልግሏል። በዩቲዩብ ከስልክ ወደ ስልክ የሚተላለፈውን ዘፈን እንደ ካሴት ከሱቅ መሰብሰብ አይቻልም ነበር። ሃጫሉ ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በጥይት ተገደለ። በተከተለው ሁከት ከ150 በላይ ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ ኢንተርኔትም ለሳምንታት ተቋርጧል።

በሌሎች የአፍሪካ አገሮች

በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ሲመሠረት የዘፈነችው ሚርያም ማኬባ በዚያን ጊዜ ወደ ደቡብ አፍሪካ እንዳትመለስ የተከለከለች ስደተኛ ነበረች። ናይጄሪያዊው ፌላ ኩቲ ወታደሮችን «ዞምቢ» በተሰኘው ሥራው ካላገጠባቸው በኋላ፣ በየካቲት ወር እ.ኤ.አ. 1977 ብዙ ወታደሮች ሌጎስ የሚገኘውን ግቢውን ወርረው አቃጠሉት። እናቱ ፉንሚላዮ ራንሰም ኩቲ ከመስኮት ተወርውረው ተጎዱ፤ በቀጣዩ ዓመት ዐረፉ። ቅጣቱ ከዘፋኙ አልፎ ቤተሰብ ላይ መድረሱ «መብቴ ነው» ከሚለው መልስ ባሻገር የሚታሰብ ነው።

ክርክሩ

የተቃውሞ ዘፈንን የሚደግፉ ወገኖች ዘፈን ማንበብ ለማይችለውም እንደሚደርስ፣ ፍርሃትን በጋራ እንደሚያቀል ይናገራሉ። የሚቃወሙት ደግሞ መፈክር የሆነ ግጥም ዘመኑ ሲያልፍ አብሮ ያረጃል ይላሉ። ይህ ወቀሳ ከፊሉ እውነት ነው፤ ለሰልፍ የተሠሩ ብዙ መዝሙሮች ዛሬ በታሪክ አጥኚዎች እንጂ በሠርግ ቤት አይሰሙም። ከፍቅር ጋር የተጠላለፉት ግን ፖለቲካው ከተረሳም በኋላ ይደመጣሉ።

ከሁሉ የከበደው ተቃውሞ ዘፈን ጥላቻንም ሊሸከም ይችላል የሚለው ነው። ሩዋንዳዊው ሲሞን ቢኪንዲ በአገሩ ታዋቂ ድምፃዊ ነበር፤ ዘፈኖቹ በዘር ጭፍጨፋው ወቅት በሬዲዮ ይተላለፉ ነበር። አሩሻ ያስቻለው ዓለም አቀፍ የወንጀል ፍርድ ቤት ዘፈኖቹ በቱትሲዎች ላይ የዘር ጥላቻን የሚያበረታቱ መሆናቸውን ተቀብሏል፤ ግድያን ለመቀስቀስ ታስበው መደረሳቸው ግን በበቂ ማስረጃ አልተረጋገጠም ብሏል። እ.ኤ.አ. በ2008 የ15 ዓመት እስራት የተፈረደበት በዘፈኑ ሳይሆን፣ በሰኔ ወር 1994 በመንገድ ላይ በድምፅ ማጉያ ሰዎችን ለግድያ በመቀስቀሱ ነበር።